ከጠረጴዛው እስከ ጓሮው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የምኖረውም የምሠራውም ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራዬ ለሰዎች ብሎግና ድረ ገጽ መንደፍ ነው፤ ደመወዝተኛ ሳልሆን በየውሉ እሠራለሁ። የጠረጴዛዬ መስኮት ወደ ጓሮው ስለሚያይ በዚህ ዓምድ ስለ ፊደል አቀማመጥ በጻፍኩ ማግስት ስለ ጦጣና ስለ ንብ መጻፌ ተለምዷል። የእናንተም ጥያቄዎች ተቀላቅለው ይደርሱኛል፤ እኔም ሳልለያቸው እመልሳለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጠያቂዎቹንም ስም ትቻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ሽሮ ሜዳ ነው። የትርጉም ሥራ እየሠራሁ ቤት እውላለሁ። ጦጣዎች በጣሪያው ወርደው፣ በማዕድ ቤቱ መስኮት ገብተው ዳቦውንም ሙዙንም ይዘው ይሄዳሉ። ጎረቤቴ እማማ “ጠዋት ጠዋት ትንሽ ብትሰጫቸው ይረጋጋሉ፤ ቤትሽም አይገቡም” ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የእማማ ሐሳብ ከደግ ልብ የመጣ ነው፤ ነገር ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ጦጣ በመንጋ የሚኖር፣ ምግብ ያገኘበትን ቦታና ሰዓት የማይረሳ እንስሳ ነው። ጠዋት ሙዝ የሰጠውን እጅ ከሰዓትም ይፈልገዋል። ያጣ ቀን ከልጅ እጅ ይነጥቃል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ ሰው መፍራቱን ይተዋል፤ ሰው የማይፈራ ጦጣ ደግሞ ውሎ አድሮ በድንጋይ ወይም በመርዝ ይሞታል። ስለዚህ መስጠቱን አልመክርም፤ ለእነርሱም ስል ነው።

የሚመጡበትን ምክንያት ፈልጊ። በእኛ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድርቆሽ ወይም እህል ነው፤ አለዚያም ክዳን የሌለው የቆሻሻ በርሜል። ድርቆሹን ሰው በማይኖርበት ሰዓት አታስጪው። በርሜሉ ከባድ ክዳን ይኑረው፤ ቀላሉን በእጃቸው ያነሱታል። መስኮቱ ላይ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይገጠም፤ ለትንኝ የሚሆነውን ቀጭን መረብ በጥርሳቸው ይቀዱታል። ጣሪያውን የነካ ቅርንጫፍ ካለ ይከርከም።

አንዱ ቤት ውስጥ ከገባብሽ በር ከፍተሽ መውጫውን ልቀቂለት። ጥግ አታስይዢው፤ ዓይኑንም አፍጥጠሽ አትዪው፤ ይህ በእነርሱ ዘንድ የጠብ ምልክት ነው። ግልገል ያዘለች እናት ከሆነች ደግሞ ይበልጥ ራቂ። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ በአብዛኛው የሚመጣው ከውሻ ቢሆንም፣ ሌላም አጥቢ እንስሳ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

በደብዳቤሽ ግርጌ፣ መንገድ ላይ የሚሸጥ ግልገል ገዝተሽ ልታሳድጊ እንደምታስቢ ጽፈሻል። እባክሽ ተዪው። ግልገሉ ለሽያጭ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ እናቱ ተገድላ ነው። የምትገዢውም ሌላ እንዲያዝ መንገድ ይከፍታል። ሆለታ አጠገብ ያለው እንስሳ ኮቴ እንዲህ ያሉ ከሰው እጅ የተረፉ የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት ማዕከል ነው። ግልገል ሲሸጥ ካየሽ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጠቁሚ።

ጥያቄ፦ አባቴ በሕይወት ሳሉ ለብዙ ዓመታት የጻፏቸው ወጎች በአሮጌ ኮምፒውተራቸው ላይ ናቸው። በእኔ ኮምፒውተር ስከፍታቸው ፊደሉ ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታየኛል። ብሎግ ላይ ላወጣቸው እፈልጋለሁ። አንድ ባለሙያ “የታተመውን ወረቀት ፎቶ አንሥተን ሥዕሉን እንለጥፍ” አለኝ።

መልስ፦ የአባትዎ ጽሑፍ አልጠፋም። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ውስጥ ለግዕዝ ፊደል የተመደበ ቦታ አልነበረም። የፊደል ሠሪዎቹም የላቲን ፊደላት በተመደቡባቸው ቁጥሮች ላይ የእኛን ፊደላት ቅርጽ አስቀመጡ። ያ ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጹ ፋይል፣ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይነበባል፤ በሌለበት ግን ሥር የነበረው ላቲን ይገለጣል። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ በአንድ ፎንት አልበቃ ብሏቸው ለሁለት የከፈሉትም ነበሩ። የአንዱ ሠሪ አመዳደብም ከሌላው አይገጥምም ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚመድበው የጋራ ደንብ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው 3ኛው እትሙ ለፊደላችን የራሱን ቦታ ሰጠው፤ ዛሬ በየስልኩ አማርኛ የምናነበው በዚያ ነው።

ስለዚህ ሥራው ከአሮጌው አመዳደብ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። በመጀመሪያ ፋይሎቹን ሁሉ ቅጂ ያውጡ፤ ዋናዎቹን ማንም አይንካቸው። ቀጥሎ ጽሑፉን መርጠው የፎንቱን ስም ይዩ፤ ስሙ ፎንቱ ባይኖርም ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ባለሙያው ለዚያ ፎንት የሚሆነውን መቀየሪያ ይፈልግና በአንድ ገጽ ላይ ይሞክረው። ብዙ ጊዜ የሚበላሹት እንደ ሏ፣ ቷ፣ ኳ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና አራት ነጥቡ ናቸው። በዚያ ዘመን አራት ነጥብን የላቲኑን ሁለት ነጥብ (ኮለን) ሁለት ጊዜ እየመቱ የሚጽፉ ብዙዎች ስለነበሩ እርሱም ወደ ትክክለኛው ምልክት ይመለስ፤ አለዚያ መስመር ሲዞር ነጥቦቹ ተነጥለው ከታች ይወድቃሉ። ከተቀየረ በኋላ የአባትዎን አጻጻፍ የሚያውቅ ሰው ከታተመው ጋር እያስተያየ ያንብበው። ይህን ደረጃ ማሽን አይሠራልዎትም።

ሥዕል አድርጎ መለጠፉን አጥብቄ እቃወማለሁ። በሥዕል ውስጥ ያለን ቃል በፍለጋ ማግኘት ያስቸግራል፤ በስልክ የሚያነብ ሰው ፊደሉን ማጉላት ሲፈልግ ይደበዝዝበታል፤ ዓይነ ስውር አንባቢ የሚጠቀምበት የማንበቢያ ፕሮግራምም ዝም ይላል። የወረቀቱን ፎቶ ማኖር ከፈለጉ ከጽሑፉ ጎን እንደ ማስታወሻ ያኑሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። አባትዎ “ፀሐይ” ብለው የጻፉትን አንባቢ “ጸሀይ” ብሎ ሊፈልገው ይችላል። የገጹ መፈለጊያ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ባለሙያውን ይዘዙት። ይህ በመፈለጊያው ብቻ ይሁን፤ እርሳቸው የጻፉት ፊደል እንደ ጻፉት ይቆይ። ማንም “ላርመው” ቢልዎት እሺ አይበሉ።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ ጥቅሶችን ሁሉ አዘንብለህ ጻፍ ይለኛል። ሳደርገው ያስጠላኛል፤ ምክንያቱን ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

መልስ፦ የላቲን ፊደል ዘንበል ያለ የራሱ የአጻጻፍ ታሪክ አለው፤ ሠሪዎቹም ለእርሱ ብለው ለብቻው ይቀርጹታል። የእኛ ፊደል ግን ይህ ልማድ የለውም። ኮምፒውተሩ ቀጥ ያለውን ገፍቶ ያጋድለዋል፤ እግሮቹም ይንሻፈፋሉ። ለደንበኛህ ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየው። ጥቅሱን ከግራ ገባ አድርገው፣ ቀለሙን ትንሽ ለየት አድርገው፣ የመስመሩንም ርቀት ሰፋ አድርገው። ፊደላችን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በመስመሮች መካከል ከላቲኑ የበለጠ አየር ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው የካ በኩል፣ ጫካው ሥር ነው። ጅብ ሌሊቱን ይጮሃል። አጥራችን ሥርም ደርሶ ውሾቹን አስደንግጧል። የሰፈሩ ሰዎች መርዝ የተነሰነሰበት ሥጋ እናስቀምጥ እያሉ ነው። ባለቤቴ ተስማምቷል፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

መልስ፦ ያልተዋጠልዎት በሚገባ ነው፤ ጉዳዩም አጣዳፊ ስለሆነ እንዲቆም የሚችሉትን ሁሉ ያድርጉ። መርዙን መጀመሪያ የሚበላው የጎረቤት ውሻ ሊሆን ይችላል። የሞተውን ውሻ ደግሞ ጥንብ አንሳ ይወርድበታል። በየቄራውና በየሥጋ ቤቱ ጣሪያ የምናየው፣ ፊቱ ላባ የሌለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። በአፍሪካ ለጥንብ አንሳዎች እልቂት ዋናው ምክንያት የተመረዘ ሥጋ ነው። ልጆችም እዚያ ግቢ ይጫወታሉ። በሕግም ቢሆን የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደል በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው።

ጅቡ ለምን እንደመጣ የሚያስረዳ አንድ ጥናት ልንገርዎ። ተመራማሪዎች መቀሌ አካባቢ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለው ፀጉር የየትኛው እንስሳ እንደሆነ መረመሩ፤ ውጤቱም በ2012 እ.ኤ.አ. ታተመ። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና ወደ ውጭ የሚጣለው አጥንት ሲያንስ ጅቦቹ አህያ መብላት ያበዛሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ይህ መልሶ ይቀንሳል። የምንጥለውን እያዩ ነው የሚኖሩት ማለት ነው። በኋላ በዚያው ከተማ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ጅቦቹ በዓመት ከ200 ቶን በላይ ጥንብ እንደሚያነሡ ገምቷል። ጥንቡ ባይነሣ አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ለሰውም ለከብትም ይተርፉ ነበር።

በስብሰባው ላይ ይህን ይንገሯቸው፤ ከዚያም ሥራውን ይከፋፈሉ። የሞተ ውሻ ወይም አህያ ሳያድር እንዲነሣ ወረዳውን መወትወት፣ የበዓል ሰሞን አጥንትና ቆዳ በየመንገዱ እንዳይጣል መስማማት፣ በግና ፍየል ያለው ሰው በረቱን ከሥሩ በድንጋይ እንዲያጠብቅ ማድረግ። ጅብ አጥር ከሚዘል ይልቅ በክፍተት ይሾልካል። ለኪዳን ጎህ ሳይቀድ የሚወጡ ሰዎች ተሰባስበው፣ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደጅ የሚያድሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። ጅብ የተኛን ሰው ይዳፈራል። በሰፈራችሁ እንዲህ የሚያድር ሰው ካለ፣ መርዝ የሚገዛበት ገንዘብ ለእርሱ የሚዘጋ በር ይግዛለት። በቀን ብርሃን የሚንገዳገድ ወይም ያለ ምንም ፍርሃት ወደ ሰው የሚመጣ ጅብ ከታየ ግን ታሞ ይሆናልና ማንም ሳይጠጋው ወዲያው ለወረዳው ይነገር።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ደንበኛዬን አገኘሁ። “ትንሽ ብሎግ ናት፤ ስንት ትላለህ?” አለኝ። ስንት ልበል?

መልስ፦ ዋጋ ከመጥራትህ በፊት ጠይቀው። እስካሁን የተጻፈ ጽሑፍ አለ? ስንት ነው? ወደ አዲሱ ገጽ የሚያስገባው ማነው? ፎቶዎቹ የእርሱ ናቸው? ካለቀ በኋላ ራሱ እየጻፈ ያወጣል ወይስ ሁልጊዜ አንተን ይጠራል? “ትንሽ” የተባለ ብሎግ 300 ጽሑፍ ከአሮጌ ገጽ ማሸጋገር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መልሶቹን ካገኘህ በኋላ ሥራውን በሰዓት አስበው፣ የኢንተርኔቱንና የመብራት መቋረጡን ጊዜ ጨምርበት፣ ከዚያ ዋጋህን ሳታፍር ተናገር።

ሁሉንም በአንድ ገጽ ውል አስፍረው፦ ምን እንደምትሠራ፣ መቼ እንደምታስረክብ፣ ስንት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ እንዳለ። ከዙሩ በላይ የሚመጣው ለብቻው ይከፈላል። ግማሹን ቀብድ ተቀበል። ቀብድ ለመስጠት የሚያቅማማ ሰው ቀሪውንም ሲከፍል ያቅማማል። ለዘመድ በነፃ የምትሠራ ከሆነም ውሉን ጻፍና ዋጋው ላይ “ስጦታ” በል፤ የእርማቱ ዙር ግን እንዳለ ይቆይ።

አሁን ከሁሉ የምጠነቀቅበትን ልንገርህ። የገጹ አድራሻ፣ ማለትም ዶሜኑ፣ በደንበኛው ስምና በደንበኛው ኢሜይል ይመዝገብ። በአገራችን ስንት ጸሐፊ የዓመታት ጽሑፉን ያጣው አድራሻው በሠሪው ስም ተይዞ፣ ሠሪው ወይ ስልክ ቀይሮ ወይ አገር ለቆ ነው። ስታስረክብ የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ ስጠው፤ የጽሑፎቹን ቅጂ እንዴት እንደሚያወጣም ቁጭ ብለህ አሳየው። ደንበኛ ያለ አንተ መኖር ሲችል በራሱ ፈቃድ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ጽጌረዳዬ ላይ እስስት ሰፍራለች። ሠራተኛዬ መርዝ አላት ብላ ልትገድላት ነው።

መልስ፦ እስስት መርዝ የላትም። ሰው ካልያዛት አትነክስም፤ ብትነክስም ከመቆንጠጥ አያልፍም። ቀለሟን የምትቀይረው በአብዛኛው ሙቀት ስትፈልግ፣ ስትቆጣና ከሌላ እስስት ጋር ስትገናኝ ነው። ዝንብና አንበጣ እየለቀመች ጽጌረዳሽን ትጠብቅልሻለች። ግንዱ ላይ ፀረ ተባይ አትርጩ፤ እርሷንም ይገድላል።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከቤቴ ጀርባ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ተክዬ ነበር። አጋዘኖች ሌሊት ገብተው ጎመኑን እስከ ሥሩ ጨረሱት። በሶብላውን አልነኩትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መልሱን ራሳቸው ነግረውዎታል፤ ኃይለኛ ሽታ ያለው ቅጠል አይወዱም። ጎመኑን መካከል አድርገው ዙሪያውን በሶብላ፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ይትከሉ። ይህ ይቀንሳል እንጂ አያቆምም፤ የራበው አጋዘን ሽታውን ታግሦ ያልፋል። እውነተኛው መፍትሔ አጥር ነው። የዚያ አገር ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ከፍ አድርጎ ይዘላል፤ የሚመከረውም 2 ሜትር ከ40 ያህል ከፍታ ነው። ያን ያህል ለማቆም የአካባቢው ደንብ ካልፈቀደልዎ መደቡን ጠባብ አድርገው በመረብ ከላይም ከጎንም ይሸፍኑት። መረቡ ይወጠር፤ ልል መረብ ወፍና እባብ ይይዛል።

ከጎመኑ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ መዥገሩ ነው። አጋዘን በሚመላለስበት ሣር ውስጥ “ላይም” የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ጥቁር እግር መዥገር ይኖራል፤ ሜሪላንድም በሽታው ከሚበዛባቸው ግዛቶች አንዷ ናት። ልጆች ከጓሮ ሲገቡ ብብታቸውን፣ ከጉልበታቸው ጀርባና የራስ ቆዳቸውን ይፈትሹ። የተጣበቀ ካለ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ቅቤም እሳትም አያስፈልግም። በሽታው እንዲተላለፍ መዥገሩ ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ በየማታው መፈተሽ ትልቅ ጥበቃ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ መዥገር እንደነበረም ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ብሎጌ በእኔ ኮምፒውተር ቆንጆ ነው። ክፍለ ሀገር ያሉ አንባቢዎቼ ግን “አይከፈትም” ይሉኛል።

መልስ፦ ገጽህን የምትፈትነው በምን ላይ ነው? ደህና ዋይፋይ ባለበት ቢሮ ከሆነ አንባቢህን አላየኸውም። ርካሽ ስልክ ተዋስ፤ በሞባይል ዳታ ክፈተው፤ ለዚያውም ምሽት ላይ ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ሰዓት።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፎቶ ነው። ከስልክ እንደወጣ የተለጠፈ አንድ ፎቶ ከመቶ ጽሑፍ ይበልጣል። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፤ 2,000 ቃል ያለው ጽሑፍህ በሙሉ ከአንድ ትንሽ ፎቶ አይከብድም። ፎቶዎቹን ከ150 ኪሎባይት በታች አውርዳቸው፤ ከታች ያሉት አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ ይጫኑ። ቀጥሎ ፎንቱን እይ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ አቢሲኒካ ጥሩ ፎንቶች ናቸው፤ ነገር ግን አራት ዓይነት ውፍረት አንድ ላይ አትጫን። አንዱን ለጽሑፉ፣ ሌላውን ለርዕሱ ብቻ። ፎንቱ እስኪደርስም ስልኩ ላይ ባለው ፊደል ጽሑፉ ወዲያው እንዲታይ አድርግ። ራሱ የሚጀምር ቪዲዮና ሙዚቃ ካለ ዛሬውኑ አውጣው፤ አንባቢህ በካርድ የገዛውን ዳታ ነው የምትበላበት።

ጥያቄ፦ በኮርኒሳችን ውስጥ ንብ ገብቷል። እኛ ቤት አያቴና ሁለት ሕፃናት አሉ። በጭስ ወይስ በጋዝ እናስወጣው?

መልስ፦ በሁለቱም አይደለም፤ በተለይ እሳት ወደ ኮርኒስ አታስጠጉ። መጀመሪያ ያያችሁት ምን እንደሆነ ለዩ። ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታይ መንጋ አዲስ ቤት እየፈለገ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሄዳል፤ ልጆቹን አርቆ መጠበቅ ነው። ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የሚመላለስ ግን ሰፈር ሠርቷል። እርሱን የሚያነሣው ንብ አናቢ ነው፤ ንግሥቲቱን ከነማር እንጀራው ወደ ቀፎ ያዛውራል። ብዙ አናቢዎች መንጋው ለራሳቸው ስለሚጠቅማቸው በደስታ ይመጣሉ። ሥራው የሚሠራው ሲመሽ፣ ንቦቹ ሁሉ ሲገቡ ነው። ከወጡ በኋላ ሰሙን አጽድታችሁ ቀዳዳውን ዝጉ፤ ሽታው ካልጠፋ ሌላ መንጋ ይመጣበታል።

እስከዚያው ቀዳዳው አጠገብ የሚያንጓጓ ማሽን አታስነሡ፤ ልጆችም ድንጋይ እንዳይወረውሩ። አንዷ ንብ ስትነድፍ የምትለቀው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል፤ ስለዚህ የተነደፈ ሰው ቆሞ ሳያራግፍ በፍጥነት ወደ ቤት ይግባና መውጊያውን ያውጣ። ከንፈርና ምላስ ማበጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

የአደይ አበባ ወራት ሲደርስ ንብ ይበዛል፤ ጓሮ ላይ ግራዋ ያለው ሰው ደግሞ ከዚያም በኋላ ያየዋል። ግራዋውን አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሠርቼ ገንዘቡ ሲደርሰኝ ከተስማማነው አነሰ። ባንኩ ነው የወሰደው?

መልስ፦ ከአገር አገር ባንኮች በሚላላኩበት በስዊፍት ሲላክ መካከል ላይ ያለ ባንክም የራሱን ክፍያ ይቀንሳል። በውልሽ ላይ የማስተላለፊያውን ወጪ በሙሉ ላኪው እንደሚሸፍን ጻፊ፤ ላኪውም ባንኩ ውስጥ ይህን አማራጭ ይመርጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ መሠረት ግለሰቦችም ከውጭ በሚላክላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ተፈቅዶላቸዋል፤ ባንክሽን ምን ሰነድ እንደሚፈልግ ጠይቂ። በዘመድ ሂሳብ መቀበሉን ግን አልደግፈውም። ውልሽና ገንዘቡ በተለያየ ስም ሲሆኑ ገቢሽን ማስረዳት አትችይም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በጓሯችን ስለሚመጡ ወፎች በአማርኛ ብሎግ ልጀምር አስቤያለሁ። ግን የብዙዎቹን ስም አላውቅም። መጀመር እችላለሁ?

መልስ፦ ጀምር! ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ይህን ሳነብ ነው ልቤ የሞላው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል፤ በአማርኛ በቂ ገለጻ ያላቸው ግን ጥቂት ናቸው። አንተ ከጓሮህ ብትጀምር ማንም ያልሠራውን ትሠራለህ።

ስሙን ባለማወቅህ አትቸገር። መጀመሪያ ያየኸውን ጻፍ፦ መጠኑን፣ ምንቃሩን፣ አካሄዱን፣ ድምፁን፣ ሰዓቱን። ከዚያ ሰፈርህ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቅ። የጎጃሙ ስም ከወሎው ሊለይ ይችላል፤ ሁለቱንም ጻፍ፤ የነገረህ ሰው ከየት አካባቢ እንደሆነም ጨምርበት። ሳይንሳዊ ስሙን ደግሞ እንደ ኢበርድና አይናቹራሊስት ያሉ መተግበሪያዎች ላይ ፎቶውን አስገብተህ፣ የሚያውቁ ሰዎች ሲያረጋግጡልህ አስገባው። ለምሳሌ ጠዋት ሣር ላይ በመንጋ ወርዶ፣ ወደ ታች በታጠፈ ረጅም ምንቃሩ አፈር እየወጋ ትል የሚለቅመው፣ ሲነሣ ሰፈሩን በጩኸት የሚያናውጠው ወፍ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር አይገኝም። ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ቆዳ አለችው። አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው ርግብም እንደዚያው የእኛው ብቻ ነው። በክረምቱ ማብቂያ ላባውን ጥቁርና ቢጫ የሚያደርገውን ወንድ ወፍ ደግሞ በወር በወሩ ፎቶ አንሣው፤ በበጋ ቡናማ ሆኖ ስታገኘው አንድ ወፍ መሆኑን አንባቢህ አያምንም።

አሠራሩን ቀላል አድርገው። ለእያንዳንዱ ወፍ አንድ ገጽ፣ በላዩ አንድ ጥሩ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ቀኑና አካባቢው። ለዓይነ ስውር አንባቢ ፎቶው ምን እንደሚያሳይ በቃል የሚገልጸውን ቦታ ባዶ አትተወው። ድምፅ ከቀዳህ አንባቢው ሲጫነው ብቻ ይሰማ። ፎቶው የራስህ ይሁን፤ ቢደበዝዝም ይሻላል። የሌላ ሰው ከሆነ ፈቃድ ጠይቀህ ስሙን ጻፍለት።

ወፍ ለማስጠጋት ጥራጥሬ ከመበተን ይልቅ ዝቅ ያለ ሳህን ላይ ውሃ አኑር፤ በየቀኑ እጠበው፤ ከድመት የራቀ ይሁን። በበጋ ወራት ያልጠበቅሃቸው ይመጡልሃል።

ጎጆ ስታገኝ ቦታውን አታውጣ፤ ጠጋ ብለህም አትመላለስ። እናትየው ትሸሻለች፤ ቁራ ወይም ጭላትም መንገድህን አይቶ ጎጆውን ያገኘዋል። በተለይ ጉጉት። በብዙ ሰፈር የሞት ምልክት ነው እየተባለ በድንጋይ ይገደላል፤ እርሱ ግን የሚያድነው አይጥ ነው። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ፎቶውን አቆይተህ፣ ከዚያ በኋላ የበላውን አይጥ ጭምር ጽፈህ አውጣው።